ሊቶፕስ በደብረ ታቦር፣ ጅብራ በጉና

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። እትዬ ደብረ ታቦር ውስጥ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ወጣቱ ከጉና ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬም በዚያው አካባቢ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ፣ የጎረቤታቸው የእህት ልጅ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ፀሐዩም በርትቷል።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ እዚህ ጣሳ ውስጥ የደረደሯቸው ጠጠሮች ምንድን ናቸው? ተክል የሌለበት አፈር ላይ ጠጠር ተደርድሮ ሳይ ገረመኝ።

እትዬ፦ እስቲ ቀረብ ብለህ እይ፣ የኔ ልጅ። እጅህን ግን ሰብስብ፤ በዓይንህ ብቻ። አናታቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ስንጥቅ ይታይሃል?

ወጣቱ፦ ይታየኛል። ሁሉም ላይ አለ።

እትዬ፦ ከስንጥቁ ወዲህ አንድ ቅጠል፣ ከስንጥቁ ወዲያ አንድ ቅጠል። ጠጠር ያልከው ተክል ነው። ከላይ ግንድ የለው፣ ቅርንጫፍ የለው፤ ያለው ሁለት ወፍራም ቅጠልና ሥር ነው። ሊቶፕስ ይባላል። አገሩ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ነው። የወንድሜ ልጅ ጆሃንስበርግ ይነግዳል። ተክል እንደምወድ ስለሚያውቅ አገር ቤት ሲመጣ ከችግኝ ጣቢያ የገዛውን ዘር በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ዘሩ ከጤፍ ያንሳል። ስዘራው ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ እንዳይበንብኝ።

ወጣቱ፦ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ዘር ናቸው?

እትዬ፦ ከዚያው ናቸው። እንካ፣ ይኼን አጉሊ መነጽር ያዝና ያን ቡናማውን እይልኝ። አናቱ ላይ ቀላ ያለ መስመር እየተጠላለፈ ይሄዳል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ጠቆር ያለ ቦታስ ምን ይመስልሃል?

ወጣቱ፦ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። ወደ ውስጥ ጥልቀት አለው።

እትዬ፦ መስኮት ነው። በአገሩ ይኼ ተክል እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚኖረው፤ ከምድር በላይ የሚወጣው አናቱ ብቻ ነው። ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ ክፍል ታች፣ በቅጠሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ብርሃኑ በመስኮቱ ይገባና ውኃ በቋጠረው ሥጋ ውስጥ እየተበተነ እዚያ ይደርሳል። ገላውን ከሐሩርና ከነፋስ ደብቆ ብርሃኑን ብቻ ያስገባል። ቅጠል ማለት ሰፊና ስስ ነገር ነው ብሎ ለሚያምን ተማሪ ይኼን ማሳየት ከአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል።

ወጣቱ፦ ድንጋይ መምሰሉስ ምን ይጠቅመዋል?

እትዬ፦ እንዳይበላ ነው። እዚያ ደረቅ አገር ላይ ውኃ የቋጠረ ተክል ሁሉ የተጠማ እንስሳ ቀለብ ነው። የእኛ ቁልቋል በእሾኹና ዓይን በሚያጠፋ ወተቱ ራሱን ይጠብቃል፣ እሬት በምሬቱ። ሊቶፕስ እሾኽ የለውም፤ መሸሸጊያው መልኩ ነው። ነጭ ጠጠር ባለበት አካባቢ የሚበቅለው ነጣ ያለ ነው፣ ቀይ ባለበት የሚበቅለው ቀላ ያለ። ዊልያም በርቸል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1811 በደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ መልኩ ለየት ያለ ጠጠር አየሁ ብሎ ከመሬት ሲያነሳው ተክል ሆኖ አገኘው። ሊቶፕስ ተብሎ ራሱን የቻለ ወገን የሆነው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የኪው ዕፅዋት ማዕከሉ ኤን. ኢ. ብራውን ሰየመው።

ወጣቱ፦ ታዲያ የበረሃ ተክል ደብረ ታቦር ላይ እንዴት ቆመ? የእኛን ክረምት እንኳን እሱ፣ አጥሩም አይችለው።

እትዬ፦ ክረምቱ ነው ጠላቱ፣ እውነትህን ነው። ቅዝቃዜውን አልፈራም፤ አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ቀዝቃዛ ሌሊት ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ፀሐያችንም ኃይለኛ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ይወዳል። የሚገድለው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ነው። ሥሩ እርጥብ ውስጥ ከከረመ ይበሰብሳል። ስለዚህ አፈሩን ውኃ የማይዝ አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት። ብሎኬት ከሚያመርቱት ልጆች ሬድ አሽ ወሰድኩ፤ በወንፊት ነፋሁና ዱቄቱን ደፍቼ ጠጠሩን አስቀረሁ። ትንሽ የወንዝ አሸዋ፣ ከዚያ ደግሞ በጣም ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ቀላቀልኩበት። ጣሳውን ከታች በምስማር በሳሳሁት። ከላይ ያፈሰስኩት ውኃ ወዲያው ከታች ካልወጣ ያ ድብልቅ አይሆንም። ክረምቱን ደግሞ በረንዳው ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ዝናብ ሳይነካው ብርሃን እያገኘ ይከርማል።

ወጣቱ፦ የውኃ ነገርስ? በሳምንት ስንት ጊዜ ያጠጡታል?

እትዬ፦ በሳምንት ብሎ ነገር የለም። ልብ ብለህ ስማኝ። የእያንዳንዱ ጥንድ ቅጠል ዕድሜ አንድ ዓመት ነው። አበባው ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ታኅሣሥ ላይ፣ በስንጥቁ ውስጥ አዲስ ጥንድ ቅጠል ይፀነሳል። አዲሱ የሚያድገው አሮጌው ያጠራቀመውን ውኃና ምግብ እየመጠጠ ነው። አሮጌው ይጨማደዳል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ደርቆ ስስ ልባስ ብቻ ሆኖ በአዲሱ ዙሪያ ይቀራል። እና ጥር ላይ መጥተህ ብታየው የሚሞት ነው የሚመስልህ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጎኑ ተሸብሽቧል። እጅህ በራሱ ጊዜ ወደ ማጠጫው ይሄዳል።

ወጣቱ፦ ቢያጠጡትስ?

እትዬ፦ ካጠጣኸው አሮጌው ቅጠል እንደገና ውኃ ይሞላል። መድረቁን ይተውና አዲሱን አፍኖ ይይዘዋል። ሁለት ጥንድ ተደራርቦ ቅርጹ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱ ይበሰብሳል። ስለዚህ አሮጌው ቅጠል ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንዲት ጠብታ አይሰጠውም። መጋቢት ሚያዝያ ላይ አዲሱ ጠንከር ብሎ ሲወጣ ነው እንደገና የምጀምረው፤ ያኔም አፈሩ ድርቅ ሲል። ክረምቱን መልሼ እነሳዋለሁ። መስከረም ላይ እሰጠዋለሁ፤ አበባውን የሚያመጣው የዚህ ጊዜ ውኃ ነው። ጎረቤት እየመጣ በውኃ ጥም ገደልሽው ይለኛል። እኔ ግን በየጠዋቱ አያቸዋለሁ። አለማጠጣት መርሳት አይደለም፤ መቼ እንደማይጠጣ ለማወቅ ከሚያጠጣ ሰው የበለጠ ማየት አለብህ።

ወጣቱ፦ ለማበብስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እትዬ፦ ከዘር የተነሳ ሊቶፕስ በደንብ ቢያዝ በሦስተኛው ዓመት ያብባል፤ ብዙው ግን ከዚያ ይዘገያል። እንደ እኔ ያለው ክረምቱን ብርሃን የሚያጥረው ደግሞ የበለጠ ይቆያል። መጀመሪያ ስንጥቁ ትንሽ ከፈት ይላል። ከዚያ ከውስጡ ሾጠጥ ያለ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ይላል። አዲስ ቅጠል ይሁን እምቡጥ ለመለየት አጉሊ መነጽር ያስፈልግሃል። አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?

ወጣቱ፦ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

እትዬ፦ እንግዲያው ዳር ላይ ያለችውን ጣሳ እይ። ጠዋት ተዘግታ ነበር። አበባዋ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲያገኛት ነው፤ ማታ ትዘጋለች፣ ነገ ከሰዓት ደግሞ ትከፈታለች። እንዲህ እያለች ጥቂት ቀን ትቆያለች።

ወጣቱ፦ ቢጫ ናት! ቅጠሉን እኮ ጨርሳ ሸፍናዋለች። ከታች ያለው ተክል አይታይም።

እትዬ፦ ይኸው ነው። ነጭ የሚያብብም አለ። የአበባ ቅጠሎቹን እንኳ ቆጥረህ አትጨርሳቸውም፤ ቀጫጭን ናቸው፣ መካከላቸው ላይ ደግሞ ዱቄት የጫነ ጭራ ሞልቷል። ዓመቱን ሙሉ ራሱን ሲደብቅ የኖረ ተክል ለነዚህ ጥቂት ቀናት ብቻ ንብ እንዲያየው ይወጣል።

ወጣቱ፦ ዘር ይሰጣል ታዲያ?

እትዬ፦ ብቻውን አይሰጥም። በራሱ ዱቄት አይፀንስም፤ በዚያው ሰሞን ያበበ ሌላ የወገኑ ተክል ያስፈልገዋል። ንብ ከሌለ እኔ በቀጭን ብሩሽ ከአንዱ ወደ አንዱ አመላልሳለሁ። ዘሩ ያለበት ቋት ደግሞ የሚደንቅ ነገር ነው። ደርቆ ሳለ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ውኃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ክዳኖቹ ይከፈታሉ፣ የዝናቡ ጠብታ ራሱ ዘሩን እየመታ ይረጨዋል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይዘጋል። ዘሩን ሁሉ በአንድ ዝናብ አይጨርስም። የቀረው ለሚቀጥለው ዝናብ ይቆያል።

ወጣቱ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ተከታትሎ የጻፈው ማነው?

እትዬ፦ ብዙ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የምወደው ግን ዴዝመንድ ኮልን ነው። የዕፅዋት ሊቅ አልነበረም። ጆሃንስበርግ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ነበር፤ የጽዋና ቋንቋ ሰዋስው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው የወጣው። በትርፍ ጊዜው ከባለቤቱ ከናውሪን ጋር በረሃውን እየዞረ ሊቶፕስ ያለበትን ስፍራ ይመዘግብ ነበር። ወደ 400 የሚጠጋ ስፍራ መዝግቦ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ዘር የሚሸጡ ሰዎች በኮል ቁጥር ነው የሚሸጡት። ዋና መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ስፍራ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

ወጣቱ፦ ስፍራው መታወቁ ግን ለዘራፊም መንገድ ያሳያል።

እትዬ፦ ያሳያል፤ ኮልም ትክክለኛውን ስፍራ አደባባይ አላወጣም ይባላል። አሁን ያለው ጥፋት ከባድ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከበረሃ ተነቅለው ሲወጡ የተያዙት እንዲህ ያሉ ውኃ ቋጣሪ ተክሎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በብዛት የተጠቃው ኮኖፊተም የሚባለው የሊቶፕስ ዘመድ ነው። በሩቅ አገር ያለ ገዢ ዘር ዘርቶ ዓመታት መጠበቅ አልፈለገም፤ አድጎ ያበበውን ፎቶ አይቶ እሱኑ ላኩልኝ አለ። ነቃዩ ድሃ ነው፣ ገንዘቡን ይፈልገዋል። አሥርት ዓመታት የኖረ ተክል ተነቅሎ በፖስታ ይላካል፣ አብዛኛው መንገድ ላይ ወይ ገዢው ቤት ይሞታል። የወንድሜን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኩት ይኼንኑ ነው፤ ከየት አመጣኸው ብዬ። የችግኝ ጣቢያ ዘር ባይሆን ኖሮ እጄን አልዘረጋም ነበር።

ወጣቱ፦ እርስዎ ሲናገሩ እኔ የማስበው ጅብራን ነው።

እትዬ፦ እሱንማ አንተ ነህ የምታውቀው። ንገረኝ።

ወጣቱ፦ ከብት ስንጠብቅ ነፋሱን የምንጠለልበት እሱ ነበር። ጉና ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጣ ሲሉ ይጀምራል፤ የአስታው ቁጥቋጦ እያነሰ የጓሳው ሣር እየበዛ ሲሄድ። በሕፃንነቱ መሬት ላይ የተነጠፈ የቅጠል ክምችት ብቻ ነው። ከዚያ ግንድ እያበጀ ከፍ ይላል። ግንዱን ቢያዩት ከታች እስከ ላይ የረገፈው ቅጠል ሁሉ ጠባሳ ተደርድሮበታል። አናቱ ላይ ረጃጅም ቅጠሎቹን ዙሪያውን ዘርግቶ፣ መካከሉ ላይ ያለውን እምብርት ሸፍኖ ይቀመጣል። እንዲያ ሆኖ ስንትና ስንት ዓመት! የአባቴ እኩዮች ልጅ ሆነው የሚያውቁት ሳያብብ የቆመ ጅብራ አለ ይላሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ያ እምብርት ወደ ላይ ይመዘዛል። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ከነግንዱ ስድስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አበቦቹ ወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም አላቸው፤ ከታች ጀምረው ወደ ላይ እየተከፈቱ ይሄዳሉ። ተካዜ የሚል ስም የተሰጠው ወፍ አለ፣ ጥቁር ሆኖ በፀሐይ ወይን ጠጅ የሚያንጸባርቅ፣ ምንቃሩ ቆልመም ያለ፤ እሱ ይመጣና ማሩን ይመጥጣል። ዘሩ ብናኝ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። ከዚያ ተክሉ ይሞታል።

እትዬ፦ ሊቶፕስ በየዓመቱ ያብባል፤ አርባ ሃምሳ ዓመት የሚኖርም አለ። ጅብራ አንድ ጊዜ ብቻ።

ወጣቱ፦ አንድ ጊዜ ብቻ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ኬንያ ተራራ ላይ የተጠና ነገር አለ። ትሩማን ያንግ የሚባል ተመራማሪ የጅብራን ሁለት ዘመዶች ሲከታተል ኖሯል። አንደኛው ሸለቆው ውስጥ እርጥበት ባለበት ይበቅላል፣ እየደጋገመ ያብባል። ሁለተኛው ደረቅ ቁልቁለት ላይ ይበቅላል፣ አሥርት ዓመታት ጠብቆ አንዴ ያብብና ይሞታል። ደረቁ ቦታ ላይ ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፣ ከአንዱ አበባ እስከሚቀጥለው በሕይወት የመቆየት ተስፋውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ያለውን ሁሉ በአንዱ አበባ ላይ ያውለዋል። በብዙ ዓመት ያጠራቀመው ሁሉ ወደ ዘር ይለወጣል።

እትዬ፦ ሌሊቱንስ እንዴት ያልፈዋል? እዚያ ላይ በየሌሊቱ አመዳይ ነው።

ወጣቱ፦ በበጋማ በየሌሊቱ ነው ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ስለዚህ ጉዳይ ጽፈዋል። ተክሉን የሚጎዳው ውርጩ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን በብርድ የደነዘዘ ቅጠል ጠዋት በዚያ ከፍታ ላይ ያለ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ምግብ የማዘጋጀት ሥራው ይታወካል። ቅጠሉ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው ወይስ ጋደም ያለ የሚለው ለውጥ ያመጣል። የእርስዎ ተክል ከመሬት በታች ተደብቆ የሚያመልጠውን ፀሐይ ጅብራ በቅጠሉ አቋቋም ነው የሚቋቋመው።

እትዬ፦ ተማሪ ሳለሁ ማንም ይኼን አልነገረኝም። ጅብራን ለሳይንስ ያሳወቁት የውጭ ሰዎች መሆናቸውን ግን አውቃለሁ። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ተራራን አልፎ ናሙና ይዞ ሄደ። ሺምፐር ደግሞ፣ ትግራይ ውስጥ አግብቶ ወልዶ የኖረው ጀርመናዊ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደዚህ ወደ ጋፋት መጥቶ ነበር። አውሮፓውያኑ ባለ እጆች ጋፋት ላይ መድፍ ሲያቀልጡ እሱ ዕፅዋት ይለቅም ነበር። ጋፋት ስንሄድ የምናሳየው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበትን ቦታ ብቻ ነው። የሺምፐርም ነገር መነገር አለበት።

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ግን ልሞግትዎት፣ እትዬ። የእርስዎ ትዕግሥት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ጣሳው ግን የእርስዎ ነው፣ በረንዳውም የእርስዎ። ሊቶፕሱ ሳያብብ ቢቆይ የሚጎድልብዎት እህል የለም። ጉና ላይ ጅብራ እስኪያብብ የሚጠብቀው ማነው? ገበሬው ነው። መሬቱ ጠቧል፣ የገብስና የድንች እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ማገዶ የለም፤ ኩበቱ ለማዳበሪያ ይፈለጋል። እዚያ መጠበቅ ማለት አንድ ቤተሰብ አንድ ማሳ ገብስ ይቅርብኝ ማለት ነው። ጠብቁ ብሎ መናገር ለኛ ለባለሙያዎቹ አይከብደንም። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው።

እትዬ፦ አልክድህም። ግን ያልበሰለው ሲቆረጥ የሚቀረውን አስበው። ሊቶፕስ ቢነቀል ካለፈው ዓመት የጣለው ዘር አለ። ጅብራ ከማበቡ በፊት ከተቆረጠ ያ ሁሉ ዓመት አንዲት ዘር ሳይተው ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም የሰጠው ነገር የለማ!

ወጣቱ፦ እሱን ነው ስብሰባ ላይ የምናገረው። ዘሩን በትኖ የደረቀው ግንድ ለማገዶ ቢለቀም የሚጎዳ ነገር የለም። ዘንጉን ያላወጣው ግን አይነካም። ይኼን የሚረዳ ሽማግሌ ብዙ ነው፣ እንዲያውም ከኔ በፊት ያውቁታል። ችግሩ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይወስደዋል የሚለው ፍርሃት ነው። ብቻውን የታገሠ ሰው ይከስራል።

እትዬ፦ ታዲያ መንዝ ጓሳ ላይ ምን ያደርጉ ነበር?

ወጣቱ፦ እሱን ማለትዎ መልካም ነው። መንዝ ላይ ጓሳውን የሚጠብቁት በቄሮ ሥርዓት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። አባ ቄራ የሚባል የተመረጠ አለቃ ነበረ። ጓሳው እስኪያገግም ድረስ አካባቢው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ለግጦሽም ለአጨዳም ይዘጋ ነበር። ሲከፈት ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈት ነበር። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ሕዝቡ ነበር፣ ጥሶ የገባም ይቀጣ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ተናጋ፤ ኋላ ግን በሌላ አደረጃጀት ማኅበረሰቡ መልሶ ይዞታል። ለቤት ክዳን ሣር ሲሉ ጠብቀው፣ ቀይ ቀበሮውንም ጭላዳውንም ጅብራውንም አብረው አተረፉ። እዚያ የመጠበቁን ዋጋ ሁሉም እኩል ነው የሚከፍለው።

እትዬ፦ ጉናስ ለምን እንዲህ አይሆንም?

ወጣቱ፦ ተጀምሯል። የጉና አናት በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ተከልሏል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚያ ነው የሚነሱት፤ ከታች ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ የሚጠጣው የጉናን ውኃ ነው። ታዲያ ለኔ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ላይ ያለው ገበሬ ማሳውን ትቶ ይጠብቃል፣ ታች ያለው ውኃውን ያገኛል። ለላይኛው የሚደርሰው ነገር በውል ካልተያዘ ክልሉ በወረቀት ይቀራል። ደግሞ ጊዜም የለንም። ደሳለኝ ጫላ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጥናት አለ። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ የሚስማማ ሆኖ የሚቀረው ስፍራ በአማካይ አሁን ካለው 3.4 በመቶ ብቻ ነው ይላል።

እትዬ፦ 3.4 በመቶ?

ወጣቱ፦ አዎ። አየሩ ሲሞቅ ተክሉ ወደ ላይ መሸሽ አለበት። ሰሜን ተራራ ገና ከፍታ አለው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ጉና ግን 4,100 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። ዘሩ ደግሞ ከጉና ተነስቶ ቆላውን ተሻግሮ ሌላ ተራራ ላይ ልውጣ ቢል የሚሆንለት አይደለም። በየተራራው ያለው ጅብራ ለየብቻው ሲኖር የየራሱን ውርስ አበጅቷል፤ የጉናው ቢጠፋ የሰሜኑ አይተካውም።

እትዬ፦ እንግዲያው ዛሬ የበቀለው ችግኝ የሚያብብበት ጊዜና ያ ሙቀት የሚመጣበት ጊዜ ይቀራረባል ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ይቀራረባል። ስለዚህ ነው ያለው ሁሉ ሳይቆረጥ አብቦ ዘር ቢጥል የምመኘው። ዘሩም ተሰብስቦ አዲስ አበባ ባለው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ዘር ቋት ውስጥ ያለ ዘር ግን ወፍ አይመግብም፣ ውኃ አይዝም። ተራራው ላይ ያለው ነው ዋናው።

እትዬ፦ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጉና አናት አልወጣም። ክምር ድንጋይ ድረስ መኪና አለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለጉልበቴ ይከብዳል። አንተ ግን ያበበ ስታገኝ ፎቶ አንሥተህ ቀኑን ጻፍበት። የትኛው በየትኛው ዓመት እንዳበበ መዝገብ ይኑርህ። ኮል ያደረገው ይኼንኑ ነው፤ ደብተርና እግር ብቻ ነበር መሣሪያው። እናንተ ደግሞ ስልክ ላይ ያለ ካርታም አላችሁ።

ወጣቱ፦ እሱን አደርጋለሁ። ልጆቹንም አስገባቸዋለሁ፤ ከብት የሚጠብቁት ናቸው ከማንም በፊት የሚያዩት። ስፍራውን ግን ለማያውቁት ሰው እንዳይሰጡ እነግራቸዋለሁ።

እትዬ፦ መልካም። አሁን ይኼን ጣሳ ያዝ። ሁለት ተክል ነው ያለበት፣ አንድ ብሰጥህ ዘር አይሰጥህም። አበባቸውን ዘንድሮ ጨርሰዋል። መኝታ ቤትህ ውስጥ እንዳታስቀምጣቸው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኙበት ቦታ ይሁን። ሰኔ ሲገባ ከዝናብ አስጠጋቸው።

ወጣቱ፦ ውኃስ? አሁን አፈሩ ደረቅ ነው።

እትዬ፦ ከነገ ወዲያ አንዴ አርካው፤ የዘንድሮ መጨረሻው ያ ይሁን። ኅዳር ከገባ አቁም።

ወጣቱ፦ ጥር ላይ ሲጨማደድ ግን መደወሌ አይቀርም።

እትዬ፦ ደውል፣ አነሳለሁ። ከመደወልህ በፊት ግን በስንጥቁ ውስጥ አዲሱ ቅጠል ምን ያህል እንደወጣ በአጉሊ መነጽር አይተህ ጠብቀኝ፤ መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው።